ዜብራ ፊንችን ማራባት፦ ጥንድ ከመምረጥ ጎጆ እስከ ማንሣት

«ፊንቾቼ እንቁላል አልጥል አሉኝ፤ ምን ላድርግ?» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ መልሼ የምጠይቀው ሁሌም አንድ ነው። «ሁለቱም ሴት ወይም ሁለቱም ወንድ አለመሆናቸውን አይተሃል?» አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ዝምታ ነው። ስለዚህ መንገዳችን ከዚያ ይጀምራል። ከዚያ በፊት ግን ስለ ወፊቱ ጥቂት ልበል።

ዜብራ ፊንች የአውስትራሊያ ደረቅ ሣር ምድር ወፍ ናት። እዚያ ዝናብ ቀን ቆጥሮ አይመጣም። ሲመጣ ግን ሣሩ ቶሎ ያፈራል፣ መሬቱ ለስላሳ እሸት ዘር ይሞላል። ወፊቱም ይህ ነው ብላ የምትጠብቀው የመራቢያ ወር የላትም። ውሃና እሸት ዘር ካገኘች ጎጆ ትሠራለች። እኛ ቤት ውስጥ የምናደርገው ነገር በሙሉ ከዚህ ይመነጫል፤ ዝናብ የዘነበ እንዲመስላት ማድረግ ነው። ይህ ደግሞ ብዙም አይከብድም። እንዲያውም ጤነኛ ጥንድ ካላችሁ የሚከብደው ማስጣሉ ሳይሆን ማስቆሙ ነው። ለጀማሪ የምመክረውም በዚህ ምክንያት ነው። ጎልዲያን ፊንች ቀለሟ ዓይን ይስባል፤ ግን ብርድና ግርግር አትችልም። ለሌላ ጊዜ ትቆይ።

ጥንዱን መለየትና ማጣመር

ወንዱ ጉንጩ ላይ ብርቱካናማ ክብ አለው። ደረቱ ላይ ጥቁርና ነጭ ቀጫጭን መስመሮች፣ ከክንፉ ሥር ደግሞ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ቡናማ ላባ ይታያል። መንቁሩ ደማቅ ቀይ ነው። ሴቷ ግራጫ ናት፤ ጉንጯ ላይ ያ ክብ የለም፣ መንቁሯም ፈዘዝ ያለ ብርቱካናማ ነው። ከዓይን በታች የሚወርደው ጥቁር መስመር ሁለቱም ላይ ስላለ እሱን አትመልከቱ። ሙሉ ነጭ የሆኑትን ከገዛችሁ ግን ላባ አይረዳችሁም። መንቁራቸውን አወዳድሩ፣ ድምፃቸውንም አዳምጡ። የሚዘፍነው ወንዱ ብቻ ነው። ሴቷ ትጣራለች እንጂ ዜማ የላትም። መንቁሩ ገና ጥቁር የሆነ ወፍ ልጅ ነው፤ ፆታውን ለይቼ እሸጥልሃለሁ የሚላችሁን ሻጭ አትመኑ።

ዕድሜ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ዜብራ ፊንች በሦስት ወሯ መጣል ትችላለች፤ ቻለች ማለት ግን ደረሰች ማለት አይደለም። ሰውነቷ ሳይጠነክር የጣለች ሴት እንቁላሉ ሊቀረቀርባት ይችላል፣ ጫጩቶቿንም ትታ ልትነሣ ትችላለች። ከስድስት ወር በታች በጭራሽ፤ ስምንት ወይም ዘጠኝ ወር ቢሞላት ደግሞ የተሻለ ነው። ላባ እየቀየረች ከሆነም ጠብቁ።

ወንድና ሴቱን ከአንድ ቤት አትግዙ። በአንድ ኬጅ ያደጉ ከሆነ ወንድምና እህት የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው፤ ከዚያ የሚመጡት ጫጩቶች ደካማ ይሆናሉ፣ እንቁላሉም ብዙ ጊዜ ሳይፈለፈል ይቀራል።

ሌላው ነገር መዋደድ ነው። ቀልድ አይደለም። በጀርመን ማክስ ፕላንክ የተባለው የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች በ2015 ባወጡት ጥናት፣ ራሳቸው የመረጡትን አጋር ያገኙ ዜብራ ፊንቾች ሰው ካጣመራቸው ይልቅ ለአቅመ መኖር ያበቋቸው ጫጩቶች በ37 በመቶ በልጠዋል። የሚቻል ከሆነ አራት አምስት ወፎች አንድ ላይ አድርጋችሁ ማን ከማን ጋር እንደሚሆን ተመልከቱ። አንዱ የሌላውን አንገት ላባ የሚያበጥር፣ ማታ ተጠጋግተው የሚያድሩ ከሆነ ጥንድ ሆነዋል። ከዚያ ለብቻቸው አውጧቸው። ሁለት ጥንድ በአንድ ጠባብ ኬጅ ማድረግ ጠብ መግዛት ነው፤ አንዱ የሌላውን ጎጆ ይዘርፋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ግቢያችን ውስጥ የሚበሩትን ትንንሽ ቀያይና ሰማያዊ ወፎች ይዞ ማራባት የሚያስብ አይጠፋም። ተዉት። የዱር ወፍ ኬጅ ውስጥ ገብቶ ይጨነቃል፣ ብዙውም ይሞታል። ዜብራ ፊንች ለብዙ ትውልድ ሰው ቤት ውስጥ የተራባ ነው፤ ልዩነቱ ሰፊ ነው።

ኬጁና የሚቀመጥበት ቦታ

ፊንች እንደ ሄሊኮፕተር ወደ ላይ አይወጣም፤ ወደ ጎን ነው የሚበረው። ስለዚህ ረጅምና ጠባብ የሆነውን ማማ መሳይ ኬጅ ትታችሁ ወደ ጎን የሚረዝመውን ምረጡ። ለአንድ ጥንድ ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 40 ወርድና 40 ቁመት ይኑረው። በሽቦዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ1.2 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። መቆሚያ እንጨቶቹ የማይነቃነቁ ይሁኑ። ይህን ቀላል ነገር አትበሉት። ወፎቹ የሚገናኙት እንጨቱ ላይ ቆመው ነው፤ እንጨቱ ከተወዛወዘ ግንኙነቱ አይሳካም፣ እንቁላሉም ባዶ ይሆናል።

ኬጁን በሰው ዓይን ከፍታ፣ ጀርባውን ወደ ግድግዳ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ነፋስ የሚገባበት መስኮት ሥር፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ፣ ልጆች የሚሯሯጡበት መተላለፊያ አይሆንም። ድመት ያለበት ቤት ከሆነ ደግሞ ራሳችሁ ታውቃላችሁ። ጉንዳንም አትርሱ፤ ጎጆ ውስጥ ያለ ጫጩት ላይ ከወጣ ይጨርሰዋል።

ጭስ ላይ ግን ቆም ልበል። ቡና የሚቆላበት፣ ዕጣን የሚጨስበት፣ ከሰል የሚቀጣጠልበት ክፍል ውስጥ ወፍ አታስቀምጡ። የወፍ አተነፋፈስ ከእኛ የተለየ ነው። አየሩ በሳንባቸው በአንድ አቅጣጫ ያለማቋረጥ ስለሚያልፍ ኦክስጅንን እጅግ በደንብ ይወስዳሉ፤ መርዙንም እንደዚያው። ቀድሞ የከሰል ማዕድን ቆፋሪዎች ካናሪ ይዘው የሚወርዱት ለዚህ ነበር። ቴፍሎን መጥበሻ እሳት ላይ ተረስቶ ከጋለ የሚወጣው ጋዝ ደግሞ ለሰው ባይታወቅም ኬጅ ሙሉ ወፍ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። ቡናችሁን ጠጡ፣ ዕጣናችሁንም አጭሱ፤ ወፎቹ ግን ሌላ ክፍል ይሁኑ፣ በሩም ይዘጋ።

ለመራቢያ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ያለ ሙቀት ተስማሚ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከጥቅምት እስከ ጥር የሌሊቱ ብርድ ስለሚከብድ፣ ክረምቱም እርጥበትና ሻጋታ ስላለው፣ እኔ የምመርጠው ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለውን ጊዜ ነው። ድሬዳዋን በመሰለ ሞቃት ከተማ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቀዝቀዝ የሚለውን ወቅት ጠብቁ።

ብርሃኑ ለእኛ ችግር አይደለም፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ነው። አውሮፓ ወይም ሰሜን አሜሪካ ያላችሁ ግን በብርዱ ወቅት ቀኑ ስለሚያጥር በሰዓት መቆጣጠሪያ የሚበራ አምፖል ጨምራችሁ 13 ወይም 14 ሰዓት አድርሱት። አምፖል የምትጠቀሙ ሁሉ አንድ ነገር ልብ በሉ። መብራት በድንገት ሲጠፋ ከጎጆ ውጭ ያለችው ወፍ በጨለማ መመለሻ ታጣለች፣ እንቁላሉም ይቀዘቅዛል። በባትሪ የምትሠራ ደብዛዛ መብራት አጠገቧ ብትኖር ጥሩ ነው።

ምግቡ፦ ዋናው ሥራ እዚህ ነው

የዘወትር ምግባቸው ትንንሽ ዘር ነው። ሱቅ የሚሸጠው ድብልቅ ሚሌት ይሆናል፤ ዳጉሳም በደንብ ይበላሉ፣ ጤፍም ይለቅማሉ። ደረቅ ዘር ብቻ ግን ለመኖር እንጂ ለመራባት አይበቃም። አንዲት ዜብራ ፊንች ከ12 እስከ 16 ግራም ትመዝናለች። አንዱ እንቁላል ወደ 1 ግራም ነው። በተከታታይ አምስት ከጣለች የራሷን ክብደት ሲሶ ያህል አወጣች ማለት ነው። ያ ሁሉ ፕሮቲንና ካልሲየም ከየት ይመጣል? ከሳህኗ ወይም ከአጥንቷ።

ጎጆ ከማስገባታችሁ ሁለት ሳምንት በፊት ምግቡን ቀይሩ። እንዲህ ነው፦

የዶሮ እንቁላል ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ቀቅሉ። አስኳሉንና ነጩን በሹካ አድቅቁ። ትንሽ የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ ጨምሩበት፣ በጣም እርጥብ እንዳይሆን። ለአንድ ጥንድ በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ከሁለት ወይም ሦስት ሰዓት በኋላ የተረፈውን አንሡ፤ የተበላሸ እንቁላል ወፍ ይገድላል። ሁዳዴ ሆኖ እቤት እንቁላል ባይኖርም ለወፎቹ መግዛት ግድ ነው፤ እነሱ አይጾሙም።

ሁለተኛው ብቅል ነው። ለጠላ ብቅል የምታበቅል እናት ያለቻችሁ ሥራውን ታውቁታላችሁ። ዳጉሳውን ወይም ሚሌቱን እጥብ አድርጋችሁ አንድ ሌሊት ንከሩት። ጠዋት አንጠፍጥፉትና በማጥለያ ላይ አስቀምጡ፤ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። ከአንድ ወይም ሁለት ቀን በኋላ ነጭ ጫፍ ብቅ ሲል ይሰጣል። ከዚያ በላይ አይርዘም። የሸተተ ወይም የሚያዳልጥ ከሆነ ያለማመንታት ጣሉት። በእኔ ግምት ከሁሉም በላይ ወፎቹን የሚያነሣሣው ይህ ነው። ምክንያቱም አውስትራሊያ ውስጥ ከዝናብ በኋላ የሚያገኙት ለስላሳ ዘር እሱን ይመስላል።

ከዚህ ሌላ ታጥቦ የደቀቀ ጎመን ወይም ሰላጣ በትንሹ ስጡ። ቆስጣ አታብዙ፤ ውስጡ ያለው አሲድ ካልሲየሙን ይይዘዋል። አቮካዶ በጭራሽ አይሰጥም፤ ለወፍ መርዝ ነው። ጨው ያለበት የሰው ምግብ፣ ቸኮሌት፣ ቡናም እንዲሁ።

ለካልሲየም ከትልቦን የሚባለውን የባሕር እንስሳ አጥንት ሽቦው ላይ እሰሩ። ካላገኛችሁ የዶሮ እንቁላል ቅርፊት አጥባችሁ ምጣድ ላይ በደንብ አምሱት፣ ከዚያ ሙቀጫ ውስጥ አድቅቁት። ለብቻው በትንሽ ሳህን ይቅረብ። የሚያስፈልጋትን ራሷ ታውቃለች።

ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ለብ ያለ ውሃ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል አድርጋችሁ በየጠዋቱ መታጠቢያ ስጡ። ዝናቡ ይኸው ነው።

ጎጆ ማስገባት

ምግቡ ከተቀየረ ሁለት ሳምንት ሲሆነው ጎጆውን ስቀሉ። ከሰንበሌጥ ወይም ከስንደዶ የተሰፋ፣ ፊት ለፊቱ ክፍት የሆነ ትንሽ ቅርጫት ይሆናል። ከእንጨት የምታሠሩ ከሆነ በየጎኑ ወደ 13 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ የፊቱ ላይኛ ግማሽ ክፍት ሆኖ። ከኬጁ ላይኛ ጥግ እሰሩት፤ ወፍ ከፍ ያለ ቦታ ይወዳል።

መሥሪያውን ኬጁ ወለል ላይ በትኑላቸው፤ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የተቆረጠ ደረቅ ሣር፣ የኮኮነት ጭረት፣ ንጹሕ ትንንሽ ላባ። ክር፣ ጥጥ፣ የሰው ፀጉር አታስገቡ። እግር ላይ ተጠምጥሞ ጣት ይቆርጣል። ወንዱ እያመላለሰ ሲያቀብል፣ ሴቷ ውስጥ ሆና ስታደላድል ታያላችሁ።

እንቁላሉ

ጎጆው ካለቀ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ የመጀመሪያው እንቁላል ይጣላል። ከዚያ በየቀኑ አንድ አንድ፣ በአብዛኛው ጠዋት። ከአራት እስከ ስድስት የተለመደ ነው። የመጀመሪያውን ባያችሁ ቀን የተረፈውን ሣር በሙሉ ከኬጁ አውጡ። ዜብራ ፊንች ሣር እስካገኘች መሥራቱን አታቆምም። በእንቁላሉ ላይ ሌላ ወለል ትዘረጋና ከላይ እንደገና ትጥላለች። ከሥር የተቀበሩት ይቀዘቅዛሉ።

ቀድሞ የተጣለው ቀኑን ሙሉ ሳይታቀፍ ቢቀር አትደንግጡ። ሦስተኛው ወይም አራተኛው እስኪጣል በደንብ አይቀመጡም። እንዲህ በመሆኑ ነው ጫጩቶቹ ተቀራራቢ ቀን ላይ የሚፈለፈሉት። ቀን ቀን ሁለቱም ተራ በተራ ይታቀፋሉ። በደንብ ከታቀፉበት ቀን ጀምሮ ከ12 እስከ 14 ቀን ቁጠሩ። አየሩ ቀዝቀዝ ካለ ሊዘገይ ስለሚችል 18 ቀን ሳይሞላ አትጣሏቸው።

በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን እንቁላሉን ማየት ትችላላችሁ። ክፍሉን አጨልሙ፣ የስልካችሁን መብራት ከጀርባው ያዙ። ቀያይ ሥሮች ከታዩ ሕይወት አለው። ጥርት ያለ ቢጫ ከሆነ አልዳበረም። ሰው የነካውን እንቁላል ወፍ ትተወዋለች የሚባለው ለዜብራ ፊንች አይሠራም፤ ነገር ግን በየሰዓቱ መጎርጎር ያስደነግጣታል። ወላጆቹ ለመብላት ሲወጡ አንዴ አይታችሁ ተመለሱ።

በነገራችን ላይ እንቁላል ውስጥ ያለችው ጫጩት ድምፅ ትሰማለች። አውስትራሊያ ውስጥ በ2016 ይፋ በሆነ ምርምር፣ ሙቀቱ ከ26 ዲግሪ ሲያልፍ ወላጆቹ ሊፈለፈል ለተቃረበው እንቁላል ልዩ ጥሪ እንደሚያሰሙና ያን የሰሙት ጫጩቶች ከሙቀቱ ጋር የሚስማማ አነስ ያለ ሰውነት ይዘው እንደሚያድጉ ታይቷል። ማታ ጎጆው ውስጥ ቀስ ያለ ድምፅ ብትሰሙ ተዉአቸው፤ ያወራሉ።

ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ

ጫጩቷ ስትወጣ ከአንድ ግራም አትበልጥም። ዓይኗ ዝግ ነው፣ ሰውነቷ እርቃን። የመጀመሪያው ቀን ከአስኳሉ በቀረው ስንቅ ትቆያለች። ከዚያ በኋላ አንገቷ ሥር ያለችው የምግብ ከረጢት በቆዳዋ አሳልፋ ስለምትታይ መብላት አለመብላቷን ለማወቅ አይከብድም። ባዶ ከሆነች የእንቁላል ምግቡንና ብቅሉን ጨምሩ፤ በቀን ሁለት ጊዜ ትኩስ ይቅረብ። ጎህ ሲቀድ ምግብ ያገኙ ዘንድ ከማታ ዘር ሞልታችሁ እደሩ።

በሳምንት ገደማ ዓይን ይከፈታል፣ የላባ ጫፍ ይታያል። ከ18 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ከጎጆ ይወጣሉ። መውጣታቸው ጎልማሳ ሆኑ ማለት አይደለም፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ወላጆቹ፣ በተለይ አባትየው፣ ያጎርሷቸዋል። እናትየው ብዙውን ጊዜ በዚህ ጊዜ ሌላ እንቁላል ታስባለች። በ35ኛው ቀን አካባቢ ራሳቸው ዘር ሲፈለፍሉ ካያችኋቸው ወደ ሌላ ኬጅ ማዛወር ይቻላል። ወንዶቹን ግን ከአባታቸው ድምፅ ብዙ አታርቁ። ዜማቸውን የሚማሩት በሁለተኛውና በሦስተኛው ወራቸው ከአባታቸው ነው። ትልቅ ወንድ ሳይሰማ ያደገ ፊንች ሲዘፍን ግር ይላል። ሦስት ወር ሳይሞላቸው ደግሞ ወንዶቹንና ሴቶቹን ለዩ፤ እህትና ወንድም ናቸው።

ሳይሆን ሲቀር

ምንም ካልጣለች በቅደም ተከተል ፈትሹ፦ ፆታ፣ ዕድሜ፣ ላባ መቀየር፣ ምግብ፣ የጎጆው ቦታ። ጎጆውን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ማዛወር ብቻ የሚያስጥልበት ጊዜ አለ። እንቁላሉ በሙሉ ባዶ ከሆነ መቆሚያው ይወዛወዝ እንደሆነ ነቅንቃችሁ እዩት። ጫጩት ወደ ውጭ የሚጥሉ ከሆነ ምግብ አንሷል፣ ወይም ጎጆው ተረብሿል፣ ወይም ወላጆቹ ገና ልጆች ናቸው። በሰው እጅ ማጉረስ ለጀማሪ አልመክርም። ልምድ ያላቸው አርቢዎች ሶሳይቲ ፊንች የምትባለውን ወፍ አሳዳጊ እናት አድርገው ይጠቀማሉ።

አስቸኳይ የሚሆነው እንቁላሉ አልወጣ ሲላት ነው። ላባዋን ነፍታ ኬጁ ወለል ላይ ትቀመጣለች፣ ጅራቷን ከፍ ዝቅ እያደረገች ትተነፍሳለች፣ ከሆዷ በታች ታብጣለች። ይህች ወፍ ሰዓታት ናቸው ያሏት። ትንሽ ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ በፎጣ የተጠቀለለ የሞቀ ውሃ ጠርሙስ አጠገቧ አስቀምጡ፤ ውስጡ ወደ 30 ዲግሪ ይድረስ። እርጥብ ጨርቅ በአንድ ጥግ ይኑር። ሆዷን አትጫኑ፤ እንቁላሉ ውስጥ ከተሰበረ ትሞታለች። ወዲያው ወደ እንስሳት ሐኪም። ከተረፈች ለወራት ጎጆ አትስጧት።

ማስቆም

በዓመት ሁለት ዙር ይበቃታል፤ ሦስት ካለፈ ትጎዳለች። የመጨረሻዎቹ ጫጩቶች ራሳቸውን ሲችሉ ጎጆውን፣ ሣሩን፣ የእንቁላል ምግቡንና ብቅሉን በሙሉ አንሡ። ወደ ደረቁ ዘር ተመለሱ። ከትልቦኑ ግን ይቆይ። ቢያንስ ለሦስት ወር ትረፍ። ወንድና ሴቱን በሽቦ ለይታችሁ ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸውም ይሆናል፤ ሴት ግን ያለ ወንድም ባዶ እንቁላል መጣል ትችላለችና ዋናው ምግቡ ነው።

አንዳንዷ ጎጆ ተነሥቶባትም የዘር ሳህን ውስጥ ትጥላለች። እንቁላሉን ወዲያው ካነሣችሁባት ለመተካት ደግማ ትጥላለች። በምትኩ አንሥታችሁ ቀቅሉት፣ ሲበርድ መልሱላት፤ ወይም የፕላስቲክ እንቁላል አድርጉ። ትቀፈው። አሥራ አምስት ቀን ያህል ተቀምጣ እንደማይፈለፈል ስታውቅ ራሷ ትታው ትነሣለች። ያን ጊዜ ሳህኑን በጠባብ አፍ መመገቢያ ቀይሩት።